አክስቴ የሰፋችው ጭራቅ

አክስቴ ተጸያፊ ናት። ሰው ጣቱን በምራቁ አርሶ የመጽሐፍ ገጽ ሲገልጥ ካየች ያንን መጽሐፍ ሁለተኛ አትነካውም። ወለል ላይ የወደቀ ፀጉር በወረቀት ካልሆነ አታነሳም። አባቴ እናቴን ሊያበሽቃት ሲፈልግ፣ «እህትሽ እኮ ውሃንም አጥባ ነው የምትጠጣው» ይላታል። እናቴ ግን አትስቅም። «ድሮ እንዲህ አልነበረችም» ትላለች። በልጅነቷ ከሰው አፍ ነጥቃ የምትበላ እንደነበረች፣ ምን እንደለወጣትም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ነገሩ ከሆነ አርባ ዓመት አልፎታል። አክስቴ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። በቴሌቪዥን ጣቢያው የልብስ ክፍል ተቀጥራ የዜና አንባቢዎችን ኮት ትተኩሳለች፣ የዘፋኞችን ቀሚስ ታሳጥራለች፣ የተበጠሰ ቁልፍ ትተክላለች። ክፍሉ ምድር ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም። ከላይኛው ፎቅ መጸዳጃ የሚወርደው ቧንቧ በግድግዳው ላይ ያልፋል፤ ሰው ውሃ በለቀቀ ቁጥር ከራሷ በላይ ይንጎዳጎዳል። ቢሆንም ሥራዋን ትወደው ነበር። መርፌ ከጨበጠች ሌላውን ሁሉ ትረሳለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ አዘጋጅ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። በጋ ከክረምት ከአንገቱ ሻርፕ ስለማይለይ ሠራተኛው ሁሉ «ባለ ሻርፑ» ነው የሚለው። ስለ ጠፈር ተጓዦች የሚያወራ ተከታታይ ፊልም እንዲሠራ ተፈቅዶለታል፤ ስድስት ክፍል ብቻ፣ የሐሙስን ባዶ ሰዓት መሙያ። ስሙ «ወዲያኛው ሰማይ» ነው። አያቴ ይህን ስም ስትሰማ፣ «ምነው ልጄ፣ ስለ ሙታን ነው እንዴ የሚያወራው?» ብላ ነበር አሉ።

«ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ትሰፊልኛለሽ» አላት ባለ ሻርፑ።

«ምን ይመስላል?»

«አንቺ የሚቀፍሽን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቢው። እሱን ይመስላል።»

እሷም ሰበሰበች። ከተጣለ ፍራሽ ስፖንጅ ቀደደች፤ ከጎማ ጠጋኝ አሮጌ የውስጥ ጎማ ለመነች፤ ሁለቱን በጫማ ሠሪ ማስቲሽ አጣብቃ ጉርብጥብጥ ያለ ቆዳ አወጣችላቸው። ዓይኑን ከብርጭቆ ቂጥ ሠራችው። ቆዳው እርጥብ መምሰል ነበረበትና ዱቄትና የእንቁላል ነጭ ከአረንጓዴ ቀለም ጋር እየበጠበጠች በብሩሽ ትለቀልቀዋለች። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም አጨበጨበላት። በሦስተኛው ቀን አጠገቡ የሚደርስ ጠፋ። በፓውዛው ሙቀት ልቅላቂው እየተብላላ ወደ ስፖንጁ ይሰርጋል፤ ቆዳው ታጥቦ ለመድረቅ ጊዜ ስለማያገኝ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀባል። ክርፋቱ ደረጃውን ወጥቶ እስከ ዜና ክፍል ይደርስ ነበር። ዝንቡማ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው፣ መስኮት በሌለው ክፍል። ሠራተኛው ለጭራቁ «ዝልግልግ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ዝልግልግን የሚለብሰው ተዋናይ አልነበረም። ተዋንያኑ አንድ ጊዜ አሽትተውት እምቢ አሉ። የተገኘው የዋናው በር ጥበቃ ነው። ከቁመቱ የተነሳ «መሰላል» ይሉታል፤ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ሳይፈልግ የሚቀይር ሰው ነው። ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ ነበሩት። እምቢ ማለት የማያውቅ፣ ሳቂታ ሰው ነበር።

መጀመሪያ ቆዳው ከኋላ ዚፕ ነበረው። በሙከራው ቀረጻ ላይ ዚፑ ብልጭ ሲል ባለ ሻርፑ፣ «ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ዚፕ የለውም» ብሎ አስወጣው። ስለዚህ በየቀኑ መሰላል ከገባ በኋላ አክስቴ ከወገቡ እስከ ማጅራቱ በወፍራም ክር ትሰፋበታለች፤ ሲያበቃ በመቀስ ትቆርጠዋለች። አፉ ላይ ከተተዉለት ሁለት ቀዳዳዎች በቀር የአየር መግቢያ የለውም።

«ሐኪም፣ ዛሬም ልትሰፊኝ ነው?» ይላታል ጀርባውን እየሰጣት።

«ዝም ብለህ ቁም ጋሼ፣ መርፌው ይወጋሃል።»

«ቢወጋኝማ ጥሩ ነበር፤ ሰው መሆኔን አረጋግጥ ነበር።»

ከውስጥ ቢጮህ ድምፁ ስለማይሰማ ምልክት ነበራቸው። ሲብስበት ወለሉን በመዳፉ ሦስት ጊዜ ይመታል። ያኔ እሷ መጥታ ትቆርጠዋለች።

አራተኛው ክፍል ሲቀረጽ ዝልግልግ ከወለል ተነስቶ ወደ መርከቧ አዛዥ እየተንፏቀቀ የሚሄድበት ቦታ ነበር። ጠዋት የተጀመረው እኩለ ቀን ሆነ። ስምንት ጊዜ ተደገመ። በዘጠነኛው ጊዜ፣ መሰላል መሃል መንገድ ላይ ቆመና መዳፉን አንስቶ ወለሉን መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አክስቴ መቀሷን ይዛ ተነሳች። ባለ ሻርፑ ፊቱን እንኳ ሳያዞር እጁን ዘረጋባት።

«ቆዪ።»

«ምልክቱን ሰጥቷል እኮ።»

«እየተቀረጸ ነው። ቆዪ አልኩሽ።»

ቆየች። መሰላል ሦስቱን ምት ደገመው። የዝልግልግ ጀርባ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ከዚያ በአፉ ቀዳዳዎች ቢጫም አረንጓዴም የሆነ ነገር እየተንፎለፎለ ወጣ። ሰውዬው ውስጥ ሆኖ አስመልሶ ነበር። ትውከቱ መውጫ አጥቶ አፉንም አፍንጫውንም ሞልቶ፣ የተረፈው ነው ከልቅላቂው ጋር ተቀላቅሎ የፈሰሰው። አዛዧን የምትጫወተው ተዋናይት ጮኸች፤ የትወና ጩኸት አልነበረም። ካሜራማኑ ወደ ኋላ ሊል ሲል ባለ ሻርፑ ትከሻውን ይዞ፣ «ቅረብ፣ ቅረብ» እያለ በሹክሹክታ ወደ ፊት ገፋው። ከመጀመሪያው ምት ወዲህ ያለው በፊልሙ ላይ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። «በቃ» ያለው ዝልግልግ በደረቱ ተደፍቶ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ ነው።

አክስቴ ስፌቱን ስትቆርጥ የመሰላል ፊት ጠቁሮ ነበር። አፉን በጣቷ ጠርጋለት ነው አየር ያገኘው። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ሳሉ አልለቀቀውም፤ እንግዳ ይረብሻል ተብሎ ከዋናው በር ወደ ጓሮው በር አዛወሩት። በዘጠነኛው ዓመት ሞተ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቆዳውን ያጠበችው እሷው ናት። በማግስቱ ሌላ ሰው ይለብሰዋልና። እጇን እስከ ክርኗ ስፖንጁ ውስጥ አስገብታ የመሰላልን ቁርስ ፍርፋሪ በፍርፋሪ ለቅማ አወጣች። እናቴ «ድሮ እንዲህ አልነበረችም» የምትለው ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን ነው።

ያ ትዕይንት ነው እንግዲህ ፊልሙን ፊልም ያደረገው። የታየ ዕለት ወላጆች ጣቢያውን በስልክ አጨናነቁት፤ በማግስቱ ልጆች በየትምህርት ቤቱ በደረታቸው እየተንፏቀቁ «ዝልግልግ መጣ» ይባባሉ ጀመር። ስድስቱ ክፍል ስድሳ ሆነ፤ ስድሳው መቶዎች። ተዋንያኑ አርጅተው በልጆቻቸው ዕድሜ ያሉ ተተኩ፤ «ወዲያኛው ሰማይ» ግን እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ አለ። እኔም በእሱ ያደግሁ ነኝ። ዝልግልግ የታተመበት የደብተር ቦርሳ ነበረኝ። አክስቴ ቤታችን ስትመጣ ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አንስታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ ታስቀምጠዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። የአክስቴ ነገር ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የአርባኛ ዓመቱ በዓል መጥሪያ ካርድ መጣላት። ዳር ዳሩ ወርቃማ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሳትከፍተው ሦስት ቀን አሳደረችው።

«አልሄድም» አለችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ የሰፋሽው ነሽ። የመጀመሪያዎቹ ስንት ሰዎች ቀሩ?»

«ስንት እንደቀሩማ አውቃለሁ።»

ወተወትኳት። እውነቱን ለመናገር እኔ ነበርኩ መሄድ የፈለግሁት።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግማሹ ሰው አረንጓዴ ለብሷል። መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ዝልግልግ ቆሟል፤ ሥሩ ላይ «የመጀመሪያው ቆዳ» ይላል። አክስቴ መነጽሯን አውጥታ ተጠጋች።

«ይሄ የማሽን ስፌት ነው» አለች። «የኔ አይደለም። የኔው በአራተኛው ዓመት ትል በልቶት ጓሮ ተቃጥሏል።»

አጠገቡ የቆመችው አስተናጋጅ በትሕትና፣ «የመጀመሪያው ነው እትዬ፤ ጽሑፉ እንደዚያ ይላል» አለቻት።

መሃል አዳራሹ ላይ ሰው የሚያክል ኬክ ተጋድሟል። ኬኩም ዝልግልግ ነው። በሆዱ በኩል በተቀበረ ቱቦ አረንጓዴ ክሬም በአፉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሰዉ ተሰልፎ ሳህኑን ከአፉ ሥር ይደግናል። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ በሳህን አልበቃው ብሎ በጣቱ ከአፉ ጠርጎ ላሰ፤ ጓደኞቹ ፎቶ አነሱት። እኔ ሁለት ጊዜ ተሰልፌ በላሁ። አክስቴ ወደዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ መሃረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ባለ ሻርፑ በሰው ተደግፎ መድረክ ላይ ወጣ። አርጅቷል፤ ሻርፑ ግን አለ። ስለ አጀማመሩ ተናገረ። ያንን ዝነኛ ትዕይንት በሕልሙ እንዳየው፣ ሲነቃ ወረቀት ላይ እንዳሰፈረው፣ ፈሳሹን ከአተርና ከወተት ራሱ እንደቀመመው ተረከ። «ፍርሃት ከውስጥ መውጣት አለበት ብዬ አሰብኩ» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ መብራቱ ደበዘዘና ትዕይንቱ ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ መጣ።

የዝልግልግ መዳፍ ሲነሳ አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሳ። የፊልሙ ወዳጆች ሰላምታቸው ነው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሠራው የኖርኩት። መዳፉ ወለሉን ሲመታ አምስት መቶ ሰው ጠረጴዛውን መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብርጭቆው ሁሉ ተንቀጫቀጨ። ሰዉ ይስቃል። እኔም መታሁ። ዞር ስል አክስቴ እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ከስክሪኑ ይልቅ እኔን ታየኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠይፎ ያየኝ ሰው የለም።

መብራቱ ሲመለስ መድረክ መሪዋ፣ «የመጀመሪያዋን ልብስ ሰፊ ለሁለት ደቂቃ እንጋብዛለን» አለች። አክስቴ የማትነሳ መስሎኝ ነበር። ተነስታ ሄደች። ማይኩን በመሃረቧ ጠቅልላ ያዘችው።

«እኔ መስፋት እንጂ መናገር አላውቅም» አለች። «አሁን ያያችሁት አተርና ወተት አይደለም። የበር ጥበቃችን ነው። በቁሙ ሰፍተንበት፣ ውስጥ ሆኖ አስመልሶት ነው። ሦስት ጊዜ የመታው አውጡኝ ማለቱ ነበር። አላወጣነውም። ትውከቱ ሳንባው ገብቶ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሞተ። እናንተም አሁን እሱን እየመታችሁ፣ እሱን እየበላችሁ ነው።»

እኔ ጉሮሮዬ ላይ የክሬሙ ጣዕም መጣብኝ። አሁን ያፍራሉ፣ አሁን አንዱ ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። ከኋላ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። ቆመው። መድረክ መሪዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እንዴት ያለ ድንቅ የመጋረጃ ጀርባ ታሪክ ነው» አለች። አንድ ጠረጴዛ ሦስቱን ምት ጀመረው፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ለክብሯ መሆኑ ነው።

ስትወርድ ባለ ሻርፑ መንገዷ ላይ ጠበቃት። ከንፈሩ ላይ አረንጓዴ ክሬም አለ።

«ምነው እንዲህ መረርሽ? እኛ ቤተሰብ አይደለን? ጥበብ እኮ መሥዋዕትነት ትጠይቃለች» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

አክስቴ እጁን አየችው። አልነካችውም።

«መሥዋዕት የሚባለው እኮ ጋሼ፣ ከራስ ሲሰጡ ነው። እርስዎ ከራስዎ ሻርፕ እንኳ አላወለቁም» ብላው አለፈች።

ታክሲው ሩቅ ሳይሄድ አስቁሜ መንገድ ዳር አስመለስኩ። አክስቴ ወርዳ ጀርባዬን ያዘችልኝ። ይቀፋታል ብዬ ፊቴን ላዞር ስል፣ «ይውጣልሽ፣ ይውጣልሽ» አለችኝ። ተመልሰን ስንቀመጥ ግን ማልቀስ ጀመረች።

«'አላወጣነውም' አልኩ አይደል?» አለችኝ። «ሰማሽኝ? 'እኛ' ብዬ እኛ ውስጥ ተደበቅሁ። መቀሱ በእጄ ነበር። ከእኔ እስከ እሱ አራት እርምጃ ነው። አንድ ባለ ሻርፕ ቆዪ ቢለኝ ቆየሁ። ሰዎቹ ቀፈፉኝ ብዬ ተነሳሁ፤ ከሁሉ የምቀፈው ግን እኔ ነኝ።»

የዚያን ቀን ነው እንግዲህ ሁሉንም የነገረችኝ።

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ወደ መሰላል ሚስት ቤት ይዤያት ሄድኩ። ከቀብሩ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ሴትዮዋ ከአንድ ጠባብ ደረጃ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ልጇ አግብታ ወጥታለች። ለሆቴል አንሶላ እየተኮሰች ነው የምትኖረው፤ ነጭ አንሶላ በየወንበሩ ላይ ተከምሯል፤ ቤቱ የእንፋሎት ሽታ ይሸታል። አክስቴን ስታይ ካውያውን አቁማ ሳመቻት።

«አንቺ ነሽ? ግቢ የኔ እህት። እሱ እኮ እስኪሞት ድረስ 'ያቺ ልጅ ባትቆርጠኝ ኖሮ' እንዳለ ነው።»

አክስቴ አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረቻት፤ ምልክቱን እንዳየች፣ እንደተነሳች፣ እንደቆየች። እኛ አላለችም። ሴትዮዋ የያዘችውን አንሶላ ጫፍ እያሻሸች ሰማቻት።

«ምን ያህል ቆየሽ?»

«አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።»

«ረጅም ነው?»

«ረጅም ነው እትዬ።»

ሴትዮዋ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። ተመልሳ ተቀመጠች።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል» አለች። «በእናንተ ተገለበጠ። እሱማ ረስቶት ነበር። ያ ክፍል በተደገመ ቁጥር ጎረቤት ጠርቶ፣ 'አሁን እዩዋት፣ ቁርሴ ስትወጣ' እያለ ይስቅ ነበር። ይስቅና ሳሉ ይነሳበታል። እኔ አንድ ቀን አብሬው አይቼ አላውቅም። ገና ሙዚቃው ሲጀምር ደረጃው ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ሴት ባሏ ሲሞት ለማየት እንዴት ወንበር ይዛ ትመጣለች?»

«ይቅር በይኝ» አለች አክስቴ።

«ዛሬ አልችልም። ነገም እንጃ» አለች ሴትዮዋ። «ሄደሽ አትቅሪ ግን። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም 'ባልሽ ዝነኛ ነበር' ነው የሚለኝ።»

አክስቴ አልቀረችም። በየእሑዱ ትሄድ ጀመር። አንሶላውን ይዘው ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ያጥፋሉ፤ ብዙም አያወሩም። በወሩ ገደማ ጣቢያው የአክስቴን ንግግር «ይህን ያውቁ ኖሯል?» በሚል ርዕስ በኢንተርኔት ለቀቀው። ሥሩ ላይ ሰዉ የሚስቅ ፊት አዝንቦበታል። አንዱ «ምርጥ ቁርስ» ብሎ ጽፏል። ያን ዕለት ሴትዮዋ ራሷ ደወለችልኝ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንዷ ከፊልሙ እንድትወጣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሦስታችን ጻፍን።

መልሱ በሁለት ወር መጣ። ትዕይንቱ የተመልካቹ ሁሉ ቅርስ በመሆኑ ሊነካ እንደማይችል፣ ለቤተሰቡ ግን ታላቅ ፍቅር እንዳላቸው ይገልጻል። ከደብዳቤው ጋር አንድ ካርቶን ልከዋል፤ ውስጡ ዝልግልግ የታተመባቸው ስድስት የጥርስ ብሩሾች አሉ። አክስቴ ካርቶኑን በሁለት ጣቷ ጫፍ አንስታ ደረጃውን ወርዳ ከቆሻሻው ጋር አስቀመጠችው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ባለፈው እሑድ ጀመርን። እኔ እጽፋለሁ፣ አክስቴ ትናገራለች፣ ሴትዮዋ እየተኮሰች ታዳምጣለች። «በታላቅ አክብሮት የምናመለክተው» ብዬ ሳነብ ሴትዮዋ ካውያውን አቆመች።

«እሱን ሰርዢው» አለችኝ።

«ሥርዓት እኮ ነው እትዬ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሰርዢው።»

አክስቴን አየኋት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሰረዝኩትና ከሦስቱ ምት ጀመርን።